ቀላሉን ዓመት የመረጥኩበት ምክንያት

ክሊኒኬን አስረክቤ ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ወዳጆቼ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ የአበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ፌርፋክስ ላይ ምሳ ጋበዙኝ። ከተጋባዦቹ መካከል የአንድ ወዳጃችን ልጅ ነበረች፤ እኔ የተማርኩትን የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ሰው ሁሉ ወሬ ሲይዝ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋችና ለኢንተርንሺፕ ሁለት ቦታ አፕላይ እንዳደረገች፣ አንዱ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሌላው ቀለል ያለ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ሶ፣ ጋሼ፣ አንተ የትኛውን ነው የመረጥከው?»

ቀለል ያለውን አልኳት። ለምን ስትለኝ ወደ ባለቤቴ ወደ ሂሩት ጠቆምኩና «ለእሷ ስል» አልኩ። የሰሙት ሳቁ፤ አንዱ እንዲያውም አጨበጨበ። ሂሩት አልሳቀችም። ሰሃኗን ነበር የምታየው።

ይህን መልስ ከአርባ ዓመት በላይ ሰጥቼዋለሁ። ውሸት አይባልም፤ ግን እውነቱ እሱ ብቻ አይደለም። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

እኔና ጌታሁን ከአዲስ አበባ የወጣነው በአንድ አውሮፕላን ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። እሱ አንደኛ ይወጣል፣ እኔ ሁለተኛ። ሦስተኛ ሆኜ አላውቅም፤ አንደኛም ሆኜ አላውቅም። አባቴ ካርዴን ባየ ቁጥር «ጎበዝ» ይለኝና ትንሽ ቆይቶ «ጌታሁንስ?» ይለኛል። ጌታሁን ይህን አያውቅም ነበር። ፈተና ከመድረሱ በፊት ቤታችን እየመጣ የሚያስጠናኝ እሱ ነው።

አሜሪካ መጥተን ኮሌጅ ከጨረስን በኋላ ያመለከትንባቸው የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለውጭ አገር ተማሪ ቦታ የለንም አሉን። በሩን የከፈተልን በመሃል አገር፣ በበቆሎ እርሻ በተከበበች ትንሽ ከተማ ያለ የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ እንደማንኛውም ሐኪም መድኃኒቱንም ቀዶ ጥገናውንም ይማራሉ፤ በዚያ ላይ ጀርባን፣ አንገትንና መገጣጠሚያን በእጅ ማከም አለ። ይህን ለአበሻ ማስረዳት ከባድ ነው። ሎስ አንጀለስ ያሉት ጓደኞቻችን «አሜሪካ ድረስ ሄደው ወጌሻ ሆነው ቀሩ» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ጌታሁን አብሯቸው ይስቃል። እኔን ያንገበግበኛል።

ሂሩትን ያገኘናት በአንድ የክረምት ዕረፍት፣ እዚያው ሎስ አንጀለስ በተደረገ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ ነው። ነርስነት ትማር ነበር፤ እዚያው አጠገብ ካልቨር ሲቲ ከሁለት ሴት ተማሪዎች ጋር አፓርትመንት ተከራይታለች። ከስብሰባው በኋላ በነበረው ግብዣ መጀመሪያ የጨፈረችው ከጌታሁን ጋር ነው። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ መለሰችልኝ። በዓመቱ መጨረሻ ልንጋባ ተነጋግረን ነበር። ጌታሁን ጽፎላት ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። መልሱን ፈርቼ ነው።

ትምህርቱን ስንጨርስ የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ ግዴታ ነበር፤ ያለሱ ፈቃድ የለም። ትልቁ ስም የዲትሮይቱ ሆስፒታል ነበር፤ በሽተኛው ብዙ፣ ቀዶ ጥገናው ብዙ፣ እንቅልፉ ትንሽ። የሎስ አንጀለሱ ደግሞ ትንሽ ሆስፒታል ነው። ካሊፎርኒያ ለዓመታት ለእኛ ዓይነት ሐኪም አዲስ ፈቃድ አትሰጥም ነበር፤ በፍርድ ቤት ተከፍቶ እነዚያ ትንንሽ ቦታዎች ሰው መፈለግ የጀመሩት ገና ያኔ ነው። ሂሩት ራሷ ሄዳ ቅጹን አምጥታ ላከችልኝ። ከቅጹ ጋር ባለው ማስታወሻ ላይ «ሁለት ሰው ነው የሚፈልጉት፣ ለጌታሁንም ንገረው» ብላለች።

አልነገርኩትም። አንድ ቀን ግን በጋራ ወጥ ቤታችን ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ እሱ በራሱ ነገሩን አነሳው። ዲትሮይት ብርዱ እንደሚገድለው፣ እኔ ሎስ አንጀለስ ከሄድኩ እሱም ቢመጣ ጥሩ እንደሆነ፣ አብረን ብንከራይ ደስ እንደሚለው ተናገረ።

«አንድ ቦታ ብቻ ነው ያላቸው» አልኩት። «እሱንም ለእኔ ሰጥተውኛል። ደግሞ ላንተ አይሆንም፤ ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር የላቸውም።»

ትንሽ አየኝ። «ኦኬ፣ ዲትሮይት ይሁና» አለና ድስቱን ማማሰል ቀጠለ። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አሁን ይህን ስጽፍ የሚያሳፍረኝ ከውሸቱ ይልቅ ያ ደስታ ነው።

ክፍሌን የተከራየሁት ከፌርፋክስ ገባ ብሎ፣ ከኦሎምፒክ መንገድ አጠገብ ነው። ዛሬ በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ የሚታይበት ሰፈር ያኔ አንድም የአበሻ ቤት አልነበረበትም። ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ አይሁዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ጀርባቸውን የሚያማቸው። ስለዚህ ወደ እኛ ይመጣሉ።

ሥራው በእውነት ቀላል ነበር። ጠዋት ገብቼ አሥር ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ምሳዬን ቆሜ አልበላሁም።

አለቃዬ ዶክተር ሃድሊ የሚባሉ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። በካሊፎርኒያ ያሉት የሙያ ጓደኞቻቸው በአንድ ወቅት ዲግሪያቸውን በተለመደው የሐኪም ዲግሪ ሲለውጡ እሳቸው እምቢ ያሉ ናቸው። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ ያሞቃሉ። ሌላው ሐኪም የጻፈውን ፋይል ቀድመው አያነቡም። መጀመሪያ ይነካሉ፣ እጃቸው ያገኘውን ትንሽ ካርድ ላይ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ነው ፋይሉን የሚከፍቱት። ጀርባዬን አመመኝ ብሎ ለመጣ ሰው በቅድሚያ የሚነኩት ሆዱን ነው። መዳፋቸውን እምብርቱ አካባቢ አስቀምጠው፣ ሰውየው ሁለት ጊዜ እስኪተነፍስ ዝም ይላሉ። ካርዱም ላይ የመጀመሪያው መስመር የሆድ ነው። ጀርባ ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ የጀርባ አይደለም ይሉኝ ነበር።

ጣቴን ያሠለጠኑት በስልክ ማውጫ ነው። ከራሳቸው ፀጉር አንዷን ዘለላ ነቅለው ከአንድ ገጽ ሥር ያስቀምጡና ዓይኔን ጨፍኜ እንዳገኛት ያዙኛል። ሳገኛት ሌላ ገጽ ይጨምራሉ። መጀመሪያ ሰሞን ከሁለት ገጽ አላለፍኩም። በስድስተኛው ወር አሥራ አምስት ደረስኩ፤ ዶክተር ሃድሊ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው ሳምንት እሑድ ወደ ካልቨር ሲቲ ድራይቭ ሳደርግ ገና መሬት አልበቃኝም ነበር።

ሂሩት ግን የጌታሁን ስልክ ላይ ነበረች። እሑድ እሑድ ከሰዓት ይደውላል፤ ለሁለታችንም ነው የሚደውለው፣ ስልኩ ያለው እሷ ቤት ስለሆነ የምታነሳው እሷ ነች። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ የእሷን ወገን ብቻ እሰማለሁ። ደረቱ ሲከፈት ቆመህ ነበር? ስንት ሰዓት? ከዚያስ ተረፈ? ነርስ ስለሆነች ሁሉም ይገባታል። ስልኩን ስትዘጋ «ድምፁ ደክሟል» ትላለች፤ ፊቷ ላይ የማየውን ሐዘኔታ ለእኔ አሳይታኝ አታውቅም። በሥራው መቅናቴ የሚገርም አይደለም። እኔ ግን በድካሙ ቀናሁ። እኔ ደክሞኝ አያውቅማ። የዚያን ዕለት ከአሥራ አምስት ገጽ ሥር ፀጉር ማግኘቴን ልነግራት አስቤ ተውኩት።

ዲትሮይት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቢመጣ ኖሮ ከእኔ ጋር ጀርባ እያሸ ይውል ነበር። ከሂሩት ላርቀው ብዬ በገዛ እጄ ትልቅ ሰው አደረግኩት፤ እሑድ በመጣ ቁጥር ይህን አስባለሁ።

በመጋቢት ወር ጌታሁን የሳምንት ዕረፍት አግኝቶ ሊጠይቀን መጣ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሂሩት የጓደኛዋን መኪና ተውሳ ልትቀበለው ነበር። እኔ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቼ ከእሷ ቀድሜ ኤርፖርት መድረስ ነበረብኝ። ለምን ቀድሜ? ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው እንዳይገናኙ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሚስተር ፌልድ ሳይቀጠሩ መጡ። በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ የፌርፋክስ ልብስ ሰፊ ናቸው። ነጩ ጋዋኔ ሲረዝምብኝ እጅጌውን ያሳጠሩልኝ እሳቸው ነበሩ። ጀርባቸውን ሁለቴ አክሜያቸዋለሁ፤ ሁለቴም ተሽሏቸዋል። ዛሬ ሕመሙ ወደ ታች መውረዱን፣ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ጎንና ወደ ብሽሽት መሄዱን ነገሩኝ። ግንባራቸው አልቦታል፤ ቀኑ ሞቃት ነው ብዬ አለፍኩት። ዶክተር ሃድሊ ለፈቃድ ጉዳይ ዳውንታውን ሄደው አልነበሩም።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ሚስተር ፌልድን በጎናቸው አስተኛኋቸውና ጀርባቸውን ሠራሁላቸው። ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ የጡንቻው መወጠር ከእጄ ሥር ሲለቅ ተሰማኝ። ቀና ብለው ሲቀመጡ ትንሽ ቀለል እንዳላቸው ተናገሩ። ከዚያ ጫማቸውን እያጠለቁ «ዶክተር ሃድሊ ዛሬ የሉም?» አሉኝ። ሰኞ ይገባሉ አልኳቸው። ካርዱን ቆሜ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን መስመር ባዶ ትቼ ወጣሁ።

ኤርፖርት ከሂሩት ቀድሜ ደረስኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሦስታችን ሂሩት ቤት ምሳ ላይ ሳለን ስልክ ተደወለ። ዶክተር ሃድሊ ነበሩ፤ ቁጥሩን ለድንገተኛ ነገር ብዬ ሰጥቻቸዋለሁ። ሚስተር ፌልድ ጠዋት ቤታቸው ወድቀው ትልቅ ሆስፒታል ቢወሰዱም ቀዶ ጥገና ክፍል ሳይደርሱ ሞተዋል። ከልብ የሚወርደው ዋናው የደም ቧንቧ ሆዳቸው ውስጥ አብጦ ኖሮ ፈንድቷል። የዶክተር ሃድሊ ድምፅ እንደ ወትሮው ነበር።

«ካርዱ እጄ ላይ ነው። የሆድ መስመሩ ባዶ ነው። ነክተህ መጻፍ ረሳህ ወይስ አልነካህም?»

«አልነካሁም።»

«ሰኞ ጠዋት ቤተሰቡ ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አሉና ዘጉት።

ለሁለቱ ነገርኳቸው። ሂሩት አፏን ያዘች። ጌታሁን ሹካውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ተናገረ። እንዲህ ያለ ሕመም አራት ሰው ላይ አይቷል። የመጀመሪያውን እሱም አላወቀውም ነበር፤ ከኋላው የቆመው ትልቅ ሐኪም ነው እጁን ይዞ በሽተኛው ሆድ ላይ ያሳረፈው፤ እዚያ ከልብ እኩል የሚመታ እብጠት አገኘ።

«አንተ ከኋላህ የቆመ ሰው አልነበረም» አለኝ።

ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን አስተማሪዬንና ሆስፒታሌን፣ የመረጥኩትን ዓመት ጭምር የናቀብኝ መሰለኝ። ከኋላዬ ባይቆሙም ዶክተር ሃድሊ ያንኑ ነገር በየቀኑ ነግረውኛል። የጎደለኝ እውቀት አልነበረም።

«አንተ ብትሆን አይሞቱም ነበር» አልኩት፤ በምን ቃና እንዳልኩት አውቃለሁ።

«እንጃ» አለ ጌታሁን። «እዚህ ብመጣ ኖሮ እኔም አላውቀውም። አንድ ቦታ ነው ያላቸው፣ እሱም ሞልቷል ብለኸኝ እኮ ነው ዲትሮይት የሄድኩት።»

ሂሩት ቀና ብላ አየችኝ። ሁለት ሰው እንደሚፈልጉ በእጇ የጻፈችልኝ እሷ ነች። ሰሃኖቹን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ለረጅም ጊዜም ውኃው ሲፈስ ሰማን።

ሰኞ የሚስተር ፌልድ ቤት ስንደርስ በአይሁድ የለቅሶ ልማድ መስተዋቶቹ በጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ቤተሰቡ ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ላይ ተቀምጧል። ለቅሶ ቤት መሆኑ ለእኔ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ፤ ሬሳ ከወጣ በኋላ ያለው ያ ዝምታ የትም አንድ ነው። ዶክተር ሃድሊ የሟቹን ባለቤት ስመው ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸው የሚናገሩልኝ መስሎኝ ነበር። ጠበቁኝ።

ዓርብ ዕለት ባለቤታቸው ወደ እኔ መጥተው እንደነበር፣ ሆዳቸውን መንካት ሲገባኝ እንዳልነካሁ፣ ነክቼ ቢሆን ላገኘው እችል እንደነበር ነገርኳቸው። ሴትየዋ በጥሞና ሰሙኝ።

«ሁልጊዜ ካንተ ዘንድ ሲመለስ ቀለል ብሎት ነው» አሉ። «ዓርብም እንደዚያ ነበር የነገረኝ።» ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው «አሁን ሂድ» አሉኝ።

መኪና ውስጥ ለዶክተር ሃድሊ እንዲያሰናብቱኝ፣ ዓመቱን ከባድ ሆስፒታል ገብቼ እንደምደግመው ነገርኳቸው። እዚያ ብሆን አልሳሳትም ነበር አልኳቸው። ዓርብ ዕለት የት ለመድረስ እንደቸኮልኩ ጠየቁኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነገርኳቸው፤ ጓደኛዬን ከእጮኛዬ በፊት ደርሼ ለመቀበል አልኳቸው።

«ያንን ችኮላ ዲትሮይትም ይዘኸው ትሄዳለህ» አሉኝ። «ነገ ጠዋት ና። የሚመጣውን ሰው ሁሉ ሆድ ትነካለህ፤ ጉንፋን ይዞት ቢመጣም።»

ሄድኩ። ኮሚቴ ተቀመጠ፣ ፋይሌ ውስጥ የሚቀመጥ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ጉዳዩ በዚያ ተዘጋ። ለእኔ አልተዘጋልኝም። የሚስተር ፌልድን ሱቅ ላለማየት ለወራት በሌላ መንገድ ዞሬ እሄድ ነበር።

ጌታሁን በተመለሰ ማግስት ሂሩት ለምን እንደዋሸሁት ጠየቀችኝ። ለፍቅር ነው ብዬ ለማሳመር ሞከርኩ። «ከሌባ የምትደብቀኝ ዕቃ አይደለሁም» አለችኝና እስከ ክረምት ድረስ ፊቷን አላሳየችኝም። በኋላ ታረቅን፤ የተጋባነው በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ነገር ቃል አስገብታኝ ነበር፤ ለጌታሁን ራሴ እንድነግረው። እሷ አትነግረውም። እሺ አልኩ።

ከዚያ ሥራው ያዘኝና ሳልነግረው ቀረሁ። አገር ቤት መመለስ የሚታሰብ አልነበረም። ዶክተር ሃድሊ ጡረታ ሲወጡ የነበራቸውን የግል ክሊኒክ ለእኔ ተዉልኝ። አበሻው ፌርፋክስ ላይ አንድ በአንድ መጣ። ወጌሻ እያሉ የሳቁብኝ ሰዎች የታክሲ ወንበር ያደነዘዘውን ወገባቸውን ይዘው በሬ ላይ ተሰለፉ። ሁሉንም ሆዳቸውን ነካሁ። «ጋሼ፣ ወገቤን ነው እኮ ያልኩህ» የሚለኝ አይጠፋም ነበር።

ጌታሁን የደም ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ሆኖ በሰማንያዎቹ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። በሥራ ዘመኔ ያንን እብጠት ሦስት ሰው ላይ በጣቴ አግኝቻለሁ፤ ሦስቱንም ወደ እሱ ላክኋቸው፣ ሦስቱም ዳኑ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነበር። ሲድን ለጌታሁን ትልቅ እቅፍ አበባ ይዞለት ሄደ፤ ለእኔ እሑድ ዕለት ከሩቅ እጁን አነሳልኝ። ጌታሁን ደውሎ «ያንተ ጣት ባይኖር ይሄ ሰው አልነበረም» አለኝ። አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁና አበባውን ሳስብ ዋልኩ።

ከዚያ የጡረታው ምሳ መጣ። ወደ ቤት ስንመለስ ሂሩት መንገዱን እያየች «ልጅቷን ዋሸሃት» አለችኝ።

በማግስቱ ካልቨር ሲቲ ሄድኩ፤ ጌታሁን ሚስቱ ካረፈች ወዲህ እዚያ ነው የሚኖረው። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። የሎስ አንጀለሱ ቦታ ሁለት እንደነበረ፣ አውቄ እንደዋሸሁት፣ በሂሩት ምክንያት እንደሆነ ነገርኩት። ያዘጋጀሁት ንግግር ረጅም ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ አጠረ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ያኔ ወጥ ቤት ውስጥ በዋሸሁት ማግስት ጠዋት፣ ራሱ ሎስ አንጀለሱ ሆስፒታል ደውሎ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ሴት ገና አንድ ክፍት ቦታ እንዳለ፣ ቢፈልግ ወረቀቱን እንዲልክ ነግራዋለች። ሁለት ቀን አሰበበት። ብርዱን እንጂ ሥራውን እንዳልፈራ፣ ልቡ የሚፈልገው ዲትሮይትን እንደሆነ የገባው ያኔ ነው። ለሂሩትም አንድ ቀን ጽፎላት አያውቅም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ታፍርብኛለህ ብዬ ነዋ» አለ። «ያን ቅዳሜ ምሳ ላይም እንዲያ ያልኩት ያመንኩህ እንዲመስልህ ነው። አብረን እንድንሆን አለመፈለግህ ነው ያሳዘነኝ። እሱም አለፈ።»

ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ልጆቹ አወራን። በሩ ድረስ ሸኘኝ።

ቤት ስደርስ ሂሩት ከሶፋው ሳትነሳ ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር፣ ዲትሮይትን በገዛ ፈቃዱ እንደመረጠ ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

«ታዲያ አልቀለለህም?»

ሊቀለኝ ይገባ ነበር። አርባ ዓመት በገዛ እጄ ያበላሸሁት ወይም ያሳደግሁት ሲመስለኝ የኖረው ሰው ለካ ከእኔ ምንም አልነካውም። ሁለቱን መንገድ አስተያይቶ የሚፈልገውን መረጠ፤ እኔ ግን ሁለቱንም በቅጡ አላየኋቸውም። የሮጥኩት እሱን ሽሽት ነበር። ይህን ሁሉ ልነግራት ፈልጌ ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው።

«ቀናሁበት» አልኳት።

ከተጋባን ጀምሮ ያን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሂሩት ሶፋው ላይ ጠጋ አለችልኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ።